ፋይላችንን ማን ከፈተው?

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶቻችን። ቃል አንዴ ካመለጠ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም ለማለት ነው። በዛሬው ዘመን ከቃል ቀጥሎ በቀላሉ የሚያመልጠው ፋይል ይመስለኛል። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም በእኛው በተማሪዎቹ ቸልተኝነት ያመለጠ አንድ ፎልደር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ለአንድ ኮርስ ፊቸር ጽሑፍ እንድንሠራ ታዘን አምስት ሆነን ሐይቅ አካባቢ ወዳለ የተፈናቃዮች መጠለያ ሄድን። እዚያ አንዲት እናት ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብለው የደረሰባቸውን ሁሉ አጫወቱን። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጆቼ፣ ስሜን እንዳታወጡብኝ፣ እዚያ የቀሩ ዘመዶች አሉኝ» አሉን። እኛም «አብሽሩ እናታችን፣ አናወጣም» ብለን ቃል ገባን። ደሴ ስንመለስ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ገልብጠን፣ ከነስማቸውና ከነቀበሌያቸው ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀመጥነው። ለመላላክ እንዲቀለን ብለንም ፎልደሩን «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» የሚለው ላይ አድርገን ሊንኩን በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅነው። ጽሑፉ ታረመ፣ ውጤት ተሰጠን፣ ፎልደሩን ረሳነው።

ከአራት ወር በኋላ ፒያሳ አካባቢ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የማናውቀው ልጅ የእኚያን እናት ታሪክ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማን። የቀበሌውን ስም ሳይቀር ጠራው። ደንግጠን «ከየት አገኘኸው?» ስንለው «ሊንክ ተልኮልኝ አነበብኩት» አለ። ማን እንደላከለት እንኳ አያስታውስም። ያንኑ ምሽት ሊንኩን ዘጋን። ነገር ግን በአራት ወር ውስጥ ማን እንደከፈተው፣ ስንት ሰው እንዳወረደው ለማወቅ ብንሞክር አልቻልንም። ነገሩን ለእሳቸው መንገር አለብን ብለን ተመልሰን ሄድን። አልተቆጡንም። «ታዲያ ስሜ አሁን ማን ጋ ነው ያለው?» ብለው ብቻ ጠየቁን። አምስታችንም መልስ አልነበረንም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መዝገብ መኖሩን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። መዝገቡ ኦዲት ሎግ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ኦዲት ሎግ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚነበብ፣ በመጨረሻም ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለምን የሁለት ወገን ስለት እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ ኦዲት ሎግ ምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ከግቢ ስትወጡ ላፕቶፕ ከያዛችሁ በሩ ላይ ምን እንደሚያጋጥማችሁ ታውቃላችሁ። ጥበቃው መታወቂያችሁን ያያል፣ ላፕቶፑ በስማችሁ መመዝገቡን ያረጋግጣል። ለቢሮ ወንበር ደግሞ የመውጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ታዲያ በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ፋይል በኢንተርኔት ሲወጣ በሩ ላይ ማን አለ? የሚያስቆም ላይኖር ይችላል። የሚጽፍ ግን አለ። ኦዲት ሎግ ማለት ይኸው ጸሐፊ ነው።

በክላውድ ላይ፣ ማለትም በራሳችን ኮምፒውተር ሳይሆን ጉግልን ወይም ማይክሮሶፍትን በመሰሉ ድርጅቶች ማሽን ላይ በተቀመጠ ፋይል የሚደረግ ነገር ሁሉ አሻራ ይተዋል። አንድ ሰው ፋይል ሲፈጥር፣ ሲከፍት፣ ሲያርም፣ ሲያወርድ፣ ሲያትም፣ ሲሰርዝ ወይም የማየት ፈቃዱን ሲቀይር ሲስተሙ አንድ መስመር ይጽፋል። መስመሩ ውስጥ ማን እንዳደረገው፣ ምን እንዳደረገ፣ በየትኛው ፋይል ላይ፣ በስንት ሰዓትና ከየትኛው የአይፒ አድራሻ የሚሉት ይገኛሉ። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ግን የፋይሉ «ታይነት» ነው። ፋይሉ የግል ነው? ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብቻ ነው? ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ላለ ሰው ተጋርቷል? ወይስ ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፍት ነው? ከየትኛው ወደ የትኛው እንደተቀየረም መዝገቡ ያሳያል።

ወረቀት እንዲህ ያለ ጸሐፊ የለውም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለጥፎ ግንቦት 22 ቀን ፈተናው በመላ አገሪቱ ሲሰረዝ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። የሰፈራችን ትልልቅ ልጆች ለክረምት እንደገና ሲያጠኑ ትዝ ይለኛል። የታተመ ወረቀት ማን እንዳነበበው፣ ማን ፎቶ እንዳነሳው ጀርባው ላይ አይጽፍም። የክላውድ ፋይል ግን ይጽፋል።

አዲስ አበባ ላይ የሌሊቱ መዝገብ

መዝገብ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የፈረንሳዩ ሌ ሞንድ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አንድ ትልቅ ዘገባ አወጣ። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ለአፍሪካ ኅብረት በሰጠችውና እ.ኤ.አ. በ2012 በተመረቀው የአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኙ ሰርቨሮች በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ መረጃ ሲልኩ እንደነበር ጋዜጣው ጻፈ። እንደ ዘገባው ከሆነ ይህ የተደረገው ለአምስት ዓመታት ሲሆን የታወቀውም እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ነው። ቻይና ክሱን አስተባብላለች፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪም እንዲሁ።

ክሱን ማን አሸነፈ የሚለውን ለጊዜው እንተወውና ነገሩ እንዴት ታወቀ የሚለውን እንይ። ሌ ሞንድ እንደጻፈው የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ የኔትወርኩን አጠቃቀም ሲመለከቱ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ሕንፃው ባዶ በሆነበት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የመረጃው ፍሰት ከፍ ይላል። ማንም ቢሮ በሌለበት ማን ነው ይህን ሁሉ የሚልከው? ጥያቄው የተነሳው ማንም ሰው መጥቶ ስለጠቆመ አይደለም። መዝገቡን ያየ ሰው ስለነበረ ነው። ያየውም ምን ዓይነት ነገር ያልተለመደ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። መዝገብ በራሱ አይጮኽም። ሰው እስኪያነበው ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በየጊዜው የሚያነበው ከሌለ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የሚሆነው።

መዝገቡን ማውጣት

የእኛ ፎልደር ካመለጠ በኋላ ኮምቦልቻ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚማር አንድ የሰፈሬ ልጅ አለና ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ እሱ ጋ ሄድኩ። ለሙከራ የከፈተው የጉግል ወርክስፔስ አካውንት ነበረውና በተግባር አሳየኝ። መጀመሪያ የነገረኝ ነገር አናደደኝ። «በግል ጂሜይል የከፈታችሁት ድራይቭ የአስተዳዳሪ መዝገብ የለውም» አለኝ። በግል አካውንት ፋይሉን መርጠን የእንቅስቃሴውን ዝርዝር ብንከፍት ማን እንዳረመው፣ ማን ለማን እንዳጋራው እናይ ይሆናል፤ ማን ከፍቶ እንዳነበበው ግን አይነግረንም። በሌላ አነጋገር የእኚያ እናት ጥያቄ መልስ ያጣው ሊንኩን በለቀቅንበት ዕለት ሳይሆን ቀድሞ፣ ፋይሉን በግል አካውንት ባስቀመጥንበት ዕለት ነው።

ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት በራሱ የኢንተርኔት ስም የሚከፍተው አካውንት ግን ይለያል። ጉግል መስፈርቱን ለሚያሟሉ የትምህርት ተቋማት መሠረታዊውን የወርክስፔስ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። እዚያ መዝገቡን ማውጣት የሚችለው አስተዳዳሪ፣ ወይም አስተዳዳሪው ሪፖርት የማየት ሥልጣን የሰጠው ሰው ነው። አካሄዱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በአስተዳዳሪ አካውንት ወደ ጉግል አድሚን ኮንሶል ይገባል። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ሪፖርት የሚለውን፣ ከዚያ ኦዲትና ምርመራ የሚለውን፣ ከዚያም የድራይቭ ክንውኖች የሚለውን መምረጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያ ይጨመራል። ዝም ብሎ ሁሉንም ማውጣት ከክረምት ጎርፍ ውኃ በእንስራ እንደመቅዳት ነው። አንድ ሰው ብቻ በቀን ውስጥ ስንት ፋይል እንደሚከፍት አስቡት። ስለዚህ ቀኑን መወሰን፣ ቀጥሎም የፈቃድ ለውጥን የሚያሳዩትን ክንውኖች መምረጥ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መካከል የታይነት ለውጡ «ወደ ውጭ» የሚለውን ከመረጥን ቀድሞ ውስጥ ብቻ የነበሩና ኋላ ለውጭ ሰው የተከፈቱ ፋይሎች ለብቻቸው ይወጣሉ።

ሦስተኛ፣ ከወጡት ውስጥ አንድ ፋይል ይዞ የዚያን ፋይል መለያ ቁጥር በመጠቀም ሙሉ ታሪኩን መጠየቅ ነው። ከተከፈተ በኋላ ማን አየው? ማን አወረደው? መልሶ ተዘግቷል ወይስ እስካሁን ክፍት ነው?

አራተኛ፣ ውጤቱን ወደ ሰንጠረዥ አውጥቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሆነ በየቀኑ በእጅ መጫን አይቻልምና ፕሮግራም ይጻፋል። ጉግል ለዚህ ሪፖርትስ ኤፒአይ የሚባል በር አለው። ፕሮግራሙ መዝገቡን ማንበብ ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ይዞ የድራይቭን ክንውን ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ስጠኝ ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ የሚመጣው ቢበዛ 1000 መስመር ነው። ከዚያ በላይ ካለ ከመልሱ ጋር ለቀጣዩ ገጽ የሚሆን ምልክት ይመጣል፤ ያንን ምልክት መልሶ እየላኩ እስኪያልቅ መቀጠል ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው አለኝ ጓደኛዬ። የመጀመሪያውን 1000 ያገኝና «ጨረስኩ» ይላል። የተፈለገው መስመር ግን 1001ኛው ላይ ሊሆን ይችላል።

ማይክሮሶፍት ዋን ድራይቭን የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶችም ተመሳሳይ መዝገብ አላቸው። መገኛው ማይክሮሶፍት ፐርቪው የሚባለው ክፍል ነው። የዚህ ጥሩ ጎኑ ማንም ያለ ስም የሚከፍተው ሊንክ ሲፈጠር አንድ፣ ያ ሊንክ ጥቅም ላይ ሲውል ደግሞ ሌላ መስመር ለየብቻ መጻፉ ነው።

መዝገቡን ማንበብ፣ ከሰዓቱ ጀምሮ

መዝገቡ ወጣ ማለት ተነበበ ማለት አይደለም። ለማስረዳት ያህል ሦስት መስመር እኔው ላዘጋጅ። ሰኞ 18፡40፣ አንድ ተማሪ ፋይሉን ከግል ወደ «ሊንኩ ላለው ሁሉ» ቀየረ። ሰኞ 18፡52፣ ማንነቱ ያልታወቀ ተጠቃሚ ፋይሉን አየ። ሰኞ 21፡30፣ ቀደም ሲል በአድራሻው የተጋበዘ የውጭ ጂሜይል ፋይሉን አወረደ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። በኤፒአይ የሚመጣው ሰዓት ዩ.ቲ.ሲ. በሚባለው የዓለም ሰዓት የተጻፈ ነው። የእኛ አገር ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ከዚያ ደግሞ እኛ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናሰላው አጭር ዘዴ እናገኛለን። ከመዝገቡ ሰዓት ላይ 3 መቀነስ፣ ከ12 ከበለጠ 12 መቀነስ፣ ከ1 ካነሰ ደግሞ 12 መደመር ነው። ስለዚህ 18፡40 ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ነው። 21፡30 ማለት ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ30፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «በሥራ ሰዓት ነው የወረደው» ወይም «እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ነበርኩ» እያለ ሊጨቃጨቅ ይችላል። የሰውን ስም የሚነካ ነገር ላይ የሰዓት ስህተት ቀላል ስህተት አይደለም።

ቀጥሎ «ማንነቱ ያልታወቀ» የሚለውን እንይ። ፋይሉ ለአንድ የውጭ ሰው በአድራሻው ተጠርቶ ከተጋራ መዝገቡ አድራሻውን ያሳያል። ሊንክ ብቻ አግኝቶ የገባ የውጭ ሰው ግን ስም አይኖረውም። በመሆኑም ለሁሉም ክፍት የሆነ ሊንክ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ ማንንም ያስገባል፣ ሁለተኛ የገባውን ሰው ስም ከመዝገቡ ያጠፋል። በስም መጋራት ትንሽ ቢያደክምም ኋላ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

መዝገቡ የማይነግረን

መዝገብ አለ ተብሎ ሁሉን ነገር ያውቃል ማለት ግን የዋህነት ነው።

የመጀመሪያው ችግር ዕድሜው ነው። የጉግል የድራይቭ መዝገብ የሚቆየው 6 ወር ነው። ማይክሮሶፍትም በመደበኛው አገልግሎቱ 90 ቀን የነበረውን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ወዲህ ወደ 180 ቀን አሳድጎታል። ከዚያ በላይ የቆየው ይጠፋል። የእኛ አገር የሥራ ልማድ ደግሞ ይታወቃል። ጥያቄ የሚነሳው ዓመት ሲዘጋ ነው። መስከረም ላይ የሾለከ ፋይል ሰኔ ላይ ቢጠየቅ መዝገቡ የለም። ቀደም ብዬ «አውጥቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ» ያልኩት ለዚህ ነው። በየወሩ መጨረሻ ሰንጠረዡን ማውጣት የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ፋይል ከወረደ በኋላ ያለውን መዝገቡ አያይም። ከወረደ በኋላ በፍላሽ ቢገለበጥ፣ በቴሌግራም ቢላክ፣ ከስክሪን ላይ በስልክ ፎቶ ቢነሳ አንድም መስመር አይጻፍም። እኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ሁላችንም ፋይል ስንለዋወጥ የነበረው በፍላሽና ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ልማዱ እስካሁን አለ። ያ ሁሉ መንገድ ጸሐፊ የሌለው በር ነው።

ሦስተኛው የጋራ አካውንት ነው። በየቢሮው አንድ ኢሜይል ተከፍቶ ፓስወርዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፎ አላያችሁም? አምስት ሰው በአንድ ስም ከሠራ መዝገቡ ሁልጊዜ አንድ ስም ብቻ ነው የሚጽፈው። ጥፋት ሲመጣ ወይ ሁሉም ይጠየቃል፣ ወይ ማንም አይጠየቅም።

አራተኛውና ከባዱ፣ መዝገብ ያደረገውን እንጂ ለምን እንዳደረገው አይጽፍም። ሰኞ ማታ ፋይሉን የከፈተው ተማሪ ሊሸጠው ፈልጎ ይሁን ወይም እንደ እኛ ሥራ እንዲቀለው ብሎ፣ መስመሩ ያው አንድ ዓይነት ነው። መስመሩን ይዞ ሰው ከመወንጀል በፊት ሰውየውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዜና አዘጋገብም «የተወቀሰውን ወገን ጠይቅ» ተብለናል።

ዱካው ወደ ራሳችን ሲዞር

እስካሁን መዝገቡን እንደ ወዳጅ ነው ያየነው። አሁን ወደ ሌላው ስለቱ እንምጣ።

መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ብልሽት ሰዎች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ምን እንደነበር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ባንኩ በኋላ ያሳወቀው መጠን ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ብዙው ተመለሰ። ያልመለሱ የተባሉትን ሰዎች ፎቶ ባንኩ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ብዙ ተማሪ «ሲስተሙ ተበላሽቷልና ማን ያውቃል» ብሎ ነበር። ነገር ግን ብልሽቱ ገንዘቡን ለቀቀ እንጂ መዝገቡን አላቆመም። ማን፣ ስንት፣ ከየት ወደ የት የሚለው እየተጻፈ ነበር ያደረው።

ይኸው መዝገብ በጋዜጠኛ ምንጭ ላይ ሲዞር ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዘ ኢንተርሴፕት የተባለው የአሜሪካ የዜና ተቋም የአገሪቱን ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ምስጢራዊ ሰነድ አገኘ። ለማጣራት ሲልም የሰነዱን ቅጂ ለመንግሥት ወገን አሳየ። መርማሪዎች ቅጂው የመታጠፍ ምልክት ስላለው ታትሞ በእጅ የወጣ መሆኑን ገመቱ። ከዚያ ወደ መዝገባቸው ሄዱ። ሰነዱን ያተሙት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከስድስቱ አንዷ ሪያሊቲ ዊነር በሥራ ኮምፒውተሯ ከዚያው የዜና ተቋም ጋር ኢሜይል ተጻጽፋ ተገኘች። በቀጣዩ ዓመት የ5 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈረደባት።

ልብ በሉ፣ ጋዜጠኞቹ ስሟን ለማንም አልተናገሩም። ምንጫቸውን ያጋለጠው መዝገቡ ነው፤ መዝገቡን ለመጠየቅ በቂ ፍንጭ የሰጡት ግን እነሱ ናቸው።

ይህ እኛን የሚመለከተን ነገ ተመርቀን ሚዲያ ስንገባ ብቻ አይደለም። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለዘገባችን የሚጠቅም ሰነድ በመሥሪያ ቤቱ ድራይቭ ላይ እንዳለ በኢሜይላችን ጋብዞ ሊንኩን ቢልክልን ምን ይሆናል? እስካሁን ያየነውን ሁሉ ተገልብጦ አንብቡት። በእሱ ስም «ለውጭ ሰው አጋራ» የሚል መስመር ተጽፏል። ከፍተን ባነበብን ጊዜ ደግሞ የእኛ አድራሻ ከሰዓቱ ጋር ተጽፏል። ሊንክ መክፈት ዝም ብሎ ማንበብ አይደለም፣ የጎብኝዎች መዝገብ ላይ እንደመፈረም ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የማያውቅ ምንጭ ሲገጥመን «ኧረ እንዲህ አትላክልኝ» ብሎ አስቀድሞ መንገር የእኛ ኃላፊነት ይመስለኛል። እሱ ላያውቅ ይችላል፤ እኛ ግን ከአሁን በኋላ አላወቅንም ማለት አንችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ክላውድን እንተወው ማለቴ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ኮምፒውተሮችና የላብራቶሪ ዕቃዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ሥራን አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ለዚህ አካባቢ ሰው ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ፋይል ሌላ ቦታ መቀመጡ ጥሩ ነው። መጥፎው በሩን ክፍት ትቶ መሄዱ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው የግል መረጃ የያዘ ተቋም ኃላፊነት አለበት። መረጃ መሹለኩ ሲታወቅም በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ ይጠበቅበታል። 72 ሰዓት ሦስት ቀን ነው። መዝገብ የማያወጣ ተቋም በሦስት ቀን ውስጥ ምን ብሎ ሊያሳውቅ ይችላል?

በበኩሌ ለክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። የቃለ መጠይቅ ፋይሎች በግል ጂሜይል ሳይሆን መዝገብ ባለው የተቋም አካውንት ይቀመጡ። ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ይጋሩ እንጂ «ሊንኩ ላለው ሁሉ» አይሁኑ። የባለታሪኩ ስምና የቃለ መጠይቁ ጽሑፍ በአንድ ፋይል አይቀመጡ። በየወሩ አንድ ተማሪና አንድ መምህር ሆነው ወደ ውጭ የተጋሩትን ዝርዝር አውጥተው ይዩ፤ ዝርዝሩም ሰው ለማጥመድ ሳይሆን በር ለመዝጋት ይዋል። ኮርሱ ሲያልቅ ደግሞ ፎልደሩ ይዘጋ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ልማድ እንጂ።

እኛ አምስታችን የራሳችንን ጀምረናል። ድራይቫችንን ከፍተን ስንቆጥር ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለሁሉም ክፍት የተተዉ 11 ፎልደሮች አገኘን። ሁሉንም ዘጋን። ያቺኛዋ ፎልደር ግን ከመዘጋቷ በፊት ማን ጋ እንደደረሰች ዛሬም አናውቅም። እኚያ እናት ለጠየቁን ጥያቄ መልስ ልንሰጣቸው አልቻልንም፣ ወደፊትም የምንችል አይመስለኝም። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ የራሱን ድራይቭ ከፍቶ የተጋሩትን አንድ በአንድ ቢያይ ግን ለሌላ ሰው መልስ ይተርፍ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።